የስኳር ሕመም ላሳበጠው ዓይን የትኛው መርፌ? አቫስቲን፣ ሉሴንቲስ፣ አይሊያ፣ ቫቢስሞና ኦዙርዴክስ ሲነጻጸሩ

ሐኪሙ የዓይኑን ምስል አይቶ «ማኩላው አብጧል፣ መርፌ ያስፈልጋል» ሲል አብዛኛው ሰው የሚሰማው «መርፌ» የሚለውን ብቻ ነው። ዓይን ውስጥ መርፌ ሲባል ማን አይደነግጥም? ከዚያ በኋላ የሚጠሩት የመድኃኒት ስሞች ጆሮ ውስጥ አይገቡም። ጥያቄው የሚጀምረው ቤት ሲደረስ ነው። አንዱ ዘመድ «አቫስቲን ርካሽ ነው፣ አይረባም» ይላል። አሜሪካ ያለው ልጅ ደውሎ «ቫቢስሞ ካልሆነ እንዳትወጊ» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «እኔ በሌዘር ነው የዳንኩት» ይላል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰዓት ነው። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ከሁሉም የሚበልጥ አንድ መርፌ የለም። ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ሕክምናው ሲጀመር ዓይኑ ምን ያህል ያያል? ሁለተኛው፣ ሳያቋርጡ ቢያንስ አንድ ዓመት መመላለስ ይቻላል ወይ? እኔ ለሁለተኛው የበለጠ ክብደት እሰጣለሁ። በሰዓቱ የሚወጉት ርካሽ መርፌ፣ አንዴ ተወግተው ከሚያቋርጡት ውድ መርፌ ዓይንን በተሻለ ያድናል።

ያበጠው ምንድን ነው?

ማኩላ የሬቲና፣ ማለትም በዓይን ጀርባ በኩል ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ መሐል ነው። የምናነብበት፣ የሰው ፊት የምንለይበት፣ መርፌ ላይ ክር የምናስገባበት ቦታ እሱ ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የሬቲናን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ኦክስጅን ያጠረው ሬቲና ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ የሚባል ፕሮቲን በብዛት ያመነጫል። ይህ ፕሮቲን የደም ሥሮቹን ግድግዳ ያላላል፤ እነሱም እንደ አሮጌ ጣሪያ ማፍሰስ ይጀምራሉ። የፈሰሰው ነገር ማኩላው ውስጥ ይጠራቀማል። ያን ጊዜ የስልኩ ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ቀጥ ያለው የበር ጠርዝ ተጣሞ ይታያል።

አብዛኞቹ መርፌዎች የሚሠሩት ይህን ፕሮቲን በመያዝ ነው። ስለዚህ በአሠራር ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነታቸው በጉልበት፣ በቆይታ ጊዜና በዋጋ ነው።

እብጠቱን የሚያሳየው ምርመራ ኦሲቲ ይባላል። አገጭዎን አስደግፈው ብርሃን ያያሉ፣ አለቀ። አያምም። በሚሰጥዎት ወረቀት ላይ ሬቲናው በጎን ተቆርጦ ይታያል። ጤነኛ ማኩላ መሐሉ ላይ ጎድጎድ ይላል። ያበጠው ግን ጎድጓዳው ጠፍቶ ጉብ ይላል፤ ውስጡም ጥቁር ጥቁር ክፍተቶች ይታያሉ። ጥቁሮቹ ፈሳሽ ናቸው። ከጎኑ በማይክሮን የተጻፈ ቁጥር አለ፤ እሱ የመሐሉ ውፍረት ነው። ወረቀቱን አይጣሉት፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱት። ሐኪም ሲቀይሩ፣ ከተማ ሲቀይሩ፣ አገር ሲቀይሩ ይፈለጋል።

መርፌው አሁኑኑ ያስፈልጋል ወይ?

ስለ መድኃኒት ስም ከመጨቃጨቅ በፊት ይህ ይጠየቅ። እብጠት አለ ማለት ሁልጊዜ ዛሬውኑ መወጋት ማለት አይደለም።

በ2019 ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት 702 ሰዎችን አካቷል። ሁሉም ማኩላቸው መሐሉ ላይ አብጧል፤ እይታቸው ግን ገና ጥሩ ነበር፣ 20/25 ወይም ከዚያ የተሻለ (ሙሉ እይታ 20/20 ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር በጨመረ መጠን እይታው ደክሟል ማለት ነው)። አንዱን ቡድን ወዲያው በአይሊያ ወጉት። አንዱን በሌዘር አከሙት። ሦስተኛውን እየተከታተሉ ጠበቁት፤ እይታው ከቀነሰ ብቻ መርፌ ይጀመርለታል። ከሁለት ዓመት በኋላ በእይታ መለኪያው የፊደል ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ያህል ወይም ከዚያ በላይ እይታ ያጡት በሦስቱም ቡድን ተቀራራቢ ሆኑ፦ 16፣ 17 እና 19 በመቶ። እየተጠበቁ ከቆዩት ውስጥ መርፌ ያስፈለጋቸው ሲሶ ገደማ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ሐኪምዎ «እይታዎ ጥሩ ነው፣ እንጠብቅ» ካለ ችላ ብሎዎት አይደለም። ግን ልብ ይበሉ፤ በጥናቱ የተጠበቁት ሰዎች በየጊዜው እየተመረመሩ ነው። «እንጠብቅ» ተብሎ ለአንድ ዓመት መጥፋት ሌላ ነገር ነው።

ሦስቱ ነባሮች፦ አቫስቲን፣ ሉሴንቲስ፣ አይሊያ

አቫስቲን መጀመሪያ የወጣው ለአንጀት ካንሰር ነው፣ በ2004። የዓይን ሐኪሞች በዓመቱ ዓይን ላይ ሞከሩት፣ ሠራ። አምራቹ ለዓይን ብሎ ፈቃድ አልጠየቀበትም፤ ስለዚህ እስካሁን የሚሰጠው ከተፈቀደለት አገልግሎት ውጭ ነው። ይህን የሰማ ሰው «የካንሰር መድኃኒት ሰጡኝ» ብሎ ይደነግጣል። አይደንግጡ። ዓይን ውስጥ የሚገባው መጠን 1.25 ሚሊግራም ብቻ ነው፤ ለካንሰር በደም ሥር ከሚሰጠው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2013 ጀምሮ ለዓይን ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል።

ሉሴንቲስ የአቫስቲን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ግን ከመነሻው ለዓይን ተብሎ የተሠራ ነው። አሜሪካ ለዚህ እብጠት የፈቀደችው በ2012 ነው። አይሊያ ደግሞ በ2014 ተፈቀደ። አይሊያ ፕሮቲኑን ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ዓይን ውስጥም ትንሽ ይቆያል።

ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ጥናት በ2015 ታተመ። 660 ሰዎች ተሳትፈዋል። ፕሮቶኮል ቲ ይባላል። ይህን ጥናት በዝርዝር የማነሳው እስካሁን ለምርጫ እንደ እሱ የሚረዳ ስላላየሁ ነው። መለኪያው በግድግዳ ሰሌዳ ላይ የሚነበቡ ፊደላት ብዛት ነው፤ አምስት ፊደል አንድ መስመር ይሆናል።

መጀመሪያ እይታቸው ቀለል ያለ ችግር የነበረባቸውን፣ ማለትም 20/32 ወይም 20/40 የሚያዩትን እንይ። ከአንድ ዓመት በኋላ አይሊያ የተወጉት በአማካይ 8.0 ፊደል ጨመሩ። ሉሴንቲስ 8.3። አቫስቲን 7.5። ይህ ልዩነት አይባልም። እይታቸው እዚህ ላይ ያለ ሰዎች ውድ መድኃኒት ካልሆነ ብለው ቤታቸውን መሸጥ የለባቸውም።

እይታቸው 20/50 ወይም ከዚያ የባሰ የነበሩትስ? ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ጊዜ በሜትር ስለሚጻፍ ይህ በካርድዎ ላይ 6/15 ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። እዚህ ላይ አይሊያ 18.9 ፊደል ጨመረ፣ ሉሴንቲስ 14.2፣ አቫስቲን 11.8። በአይሊያና በአቫስቲን መካከል ከአንድ መስመር በላይ ልዩነት አለ። ይህ ለሚያነብ፣ ለሚነዳ፣ በእጁ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ትልቅ ነገር ነው። በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ ጠበበ፤ አይሊያ ሉሴንቲስን መብለጡ በቁጥር ደረጃ ጠፋ፣ አቫስቲንን ግን በዚህ ቡድን እንደበለጠ ቀጠለ።

ከዚህ ጥናት ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ቁጥር አለ። በመጀመሪያው ዓመት ተሳታፊዎቹ የተወጉት ዘጠኝ ወይም አሥር ጊዜ ነው፣ መድኃኒቱ የትኛውም ይሁን። በሁለተኛው ዓመት ወደ አምስትና ስድስት ወረደ። ያ ሁሉ ጥሩ ውጤት የተገኘው በዚህ ያህል መርፌ ነው። ሁለት ተወግቶ «አልሠራልኝም» ማለት ስለዚህ አያስኬድም።

በርካሹ ጀምሮ መቀየርስ?

ጥናቱ ሲወጣ በሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን በሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሒሳብ አንድ አይሊያ 1,960 ዶላር ገደማ ነበር። ሉሴንቲስ 1,200፣ አቫስቲን 70። ልዩነቱ ኪስ ብቻ ሳይሆን የአገር በጀትም ይነካል። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ በአቫስቲን ጀምረን፣ ካልበቃ ወደ አይሊያ ብንሄድ የምናጣው ነገር አለ?

መልሱ በ2022 መጣ። እይታቸው 20/50 ወይም ከዚያ የባሰ የሆኑ 312 ዓይኖች ተካተቱ። ግማሹ ከመጀመሪያው አይሊያ ተወጋ። ግማሹ በአቫስቲን ጀመረ፤ በቂ ለውጥ ካልታየ ከ12 ሳምንት በኋላ ወደ አይሊያ መቀየር ተፈቀደ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቡድን በአማካይ 15 ፊደል ጨመረ፣ ሁለተኛው 14። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን በአቫስቲን ከጀመሩት 70 በመቶው በመጨረሻ ወደ አይሊያ ተቀይረዋል።

ይህን ውጤት በሁለት በኩል ማንበብ ይቻላል። ኢንሹራንስ ኩባንያ «አያችሁ፣ በአቫስቲን ጀምሩ» ይላል፤ ልክ ነው። ታማሚውም «መቀየር ካስፈለገ ሳይዘገይ ቀይሩልኝ» የማለት መብት አለው፤ እሱም ልክ ነው። የጥናቱ ጥሩ ውጤት የመጣው መቀየሪያው በር ክፍት ስለነበረ ነው። ሁለተኛው መድኃኒት በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቀመስበት ቦታ ይህ ጥናት ሙሉ በሙሉ አይሠራም።

አቫስቲን ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። መድኃኒቱ የሚመጣው ለካንሰር በተዘጋጀ ትልቅ ብልቃጥ ነው። ለዓይን ሲሆን በትናንሽ ስሪንጅ ተከፋፍሎ ይቀዳል። ችግር የሚፈጠረው ሲቀዳ ነው። ንጽሕናው ካልተጠበቀ ወይም ቅዝቃዜው ከተቋረጠ ከአንድ ብልቃጥ ብዙ ዓይን ሊበላሽ ይችላል። በ2011 ፍሎሪዳ ውስጥ ከአንድ ፋርማሲ በወጡ ስሪንጆች በርካታ ሰዎች ዓይናቸው ተመርዟል። በ2023 ደግሞ በፓኪስታን ፑንጃብ ብዙ የስኳር ታማሚዎች በተበከለ መርፌ እይታቸውን አጥተዋል። ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም፣ የአቀዳዱ ነው። ስለዚህ አቫስቲን ሲወጉ ማን እንደቀዳው፣ የት እንደቀዳው፣ ፍሪጅ ውስጥ መቆየቱን ይጠይቁ። በርካሽ ከመንገድ ላይ ሰው ገዝቶ ወደ ክሊኒክ መውሰድ የማይታሰብ ነው።

ቫቢስሞና ባለ 8 ሚሊግራሙ አይሊያ

አሁን ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለነዚህ ነው። ቫቢስሞ አሜሪካ ውስጥ በጥር 2022 ተፈቀደ። ከቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ በተጨማሪ አንጂዮፖየቲን 2 የሚባለውንም ፕሮቲን ይይዛል። አዲሱ አይሊያ፣ አይሊያ ኤችዲ፣ በነሐሴ 2023 የተፈቀደ ሲሆን መጠኑ ከነባሩ አራት እጥፍ ነው።

ብዙ ሰው እነዚህ «የበለጠ ያሳያሉ» ብሎ ያስባል። ጥናቶቹ ያሳዩት ይህን አይደለም። ሁለቱም ከነባሩ አይሊያ ጋር ሲወዳደሩ የእይታው ጭማሪ ተቀራራቢ ነው። የበለጡት በመርፌና በመርፌ መካከል ባለው የጊዜ ርቀት ነው። ነባሩ አይሊያ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ወርኃዊ መርፌዎች በኋላ በየሁለት ወሩ ይወጋል። ቫቢስሞን ከተወጉት ከግማሽ በላዩ በዓመቱ መጨረሻ ወደ አራት ወር ርቀት ደርሰዋል። በአይሊያ ኤችዲም እስከ አራት ወር መራቅ ይቻላል።

ይህ ለማን ይጠቅማል? ከሥራ ፈቃድ ለማግኘት ለሚቸገር። ሁልጊዜ ልጁ ወይም ልጅቷ ካልወሰዷቸው መሄድ ለማይችሉ እናትና አባት። ሁለቱም ዓይኑ ለሚወጋ። ከክፍለ ሀገር ለሚመላለስ። የአሜሪካ ዋጋው በመርፌ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው፤ ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ከሆነና በቀጠሮ መመላለስ የሚያስቸግር ከሆነ ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን አራት ወሩ ከመጀመሪያው ቀን አይጀምርም። መነሻው ላይ በየወሩ ሦስት ወይም አራት መርፌ አለ፤ ከዚያ ነው ቀስ እያለ የሚራቀው።

ቤኦቩ የሚባልም አለ። ከሬቲና የደም ሥር መቆጣትና መዘጋት ጋር ተያይዞ ስሙ ስለተነሳ እኔ በመጀመሪያ ምርጫነት አላነሳውም። የሉሴንቲስና የአይሊያ ተመሳሳይ ምርቶችም ገበያ ላይ ወጥተዋል፣ በዋጋ ረከስ ይላሉ። ሕንድ ለሕክምና ከሄዱ በወረቀትዎ ላይ ራዙማብ ወይም አክሰንትሪክስ የሚል ሊያዩ ይችላሉ። የመጀመሪያው የሉሴንቲስ ተመሳሳይ ምርት ነው፤ ሁለተኛው ራሱ ሉሴንቲስ በሌላ የንግድ ስም ነው።

ስቴሮይዱ ኦዙርዴክስ

ይህ የተለየ ጎራ ነው። ኦዙርዴክስ ፈሳሽ አይደለም፤ ዓይን ውስጥ ቀስ እያለ የሚሟሟ ደቃቅ ዘንግ ነው። ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ፣ ማለትም ቁጣንና እብጠትን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ይዟል። እብጠቱን ለሦስት ለአራት ወር ያወርዳል። ኢሉቪየን የሚባለው ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ይሠራል። ርካሹ የዚህ ጎራ አባል ትራያምሲኖሎን ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም በዚህ አይጀምርም? በሁለት ምክንያት። የዓይን ሞራ ያፋጥናል፤ የተፈጥሮ ሌንሳቸው ካለ ሰዎች ውስጥ በሦስት ዓመት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ላይ ሞራው ታይቷል ወይም ብሷል። የዓይን ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ግላኮማ ያለበት ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር ስቴሮይድ ሊወጋ አይገባም።

በአንጻሩ ሞራው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ለገባለት ሰው የመጀመሪያው ችግር የለም። በመርፌዎቹ ለውጥ ላላየ፣ በየወሩ መመላለስ ጨርሶ ለማይችል፣ በቅርብ ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ለገጠመው ሐኪሙ ስቴሮይድን ሊያስቀድም ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ልጅ ለመውለድ ካሰቡ አስቀድመው ይናገሩ፤ እነ አቫስቲንና አይሊያ በእርግዝና ጊዜ የሚሸሹ መድኃኒቶች ናቸው።

ሌዘሩስ? ለማኩላ እብጠት በ1980ዎቹ የመጣ ትልቅ ሕክምና ነበር፣ ዓይን አድኗል። ጎረቤትዎ አልዋሹም። ግን ሌዘር በዋናነት ያለውን ይጠብቃል፣ የጠፋውን እይታ ብዙም አይመልስም። ዛሬ ከመሐል ራቅ ላለ እብጠትና እንደ ደጋፊ ያገለግላል። ለሌላው የስኳር ዓይን ችግር፣ ለአዳዲስ ደም ሥሮች መብቀል፣ አሁንም ዋና ሕክምና ነው። ሁለቱን አያምታቱ።

የመርፌው ቀን

ፍርሃቱ ከመርፌው ይበልጣል። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል። ዓይኑና ሽፋሽፍቱ በአዮዲን ይታጠባል፤ አብዛኛው ሰው የሚያማርረው ይህንን ነው፣ ያቃጥላል። ግን ከኢንፌክሽን የሚጠብቅዎት ዋናው ነገር እሱ ነውና ይታገሡት። ዓይንዎ እንዳይከደን በትንሽ ሽቦ ይያዛል። «ወደ ላይ ይመልከቱ» ይባላሉ። መርፌው የሚገባው በነጩ በኩል ነው፣ ከጥቁሩ ጠርዝ አራት ሚሊሜትር ያህል ርቆ። ግፊት ይሰማዎታል። ሴኮንዶች ነው።

ከዚያ በኋላ ትናንሽ ክብ ጥቁር ነገሮች ሲንሳፈፉ ቢያዩ የአየር አረፋ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ነጩ ላይ ደም ቢታይ ያስፈራል እንጂ አይጎዳም፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጠራል። ማታውን አሸዋ የገባ ያህል መቆርቆሩ ከአዮዲኑ ነው።

የሚያስሮጠው ሌላ ነው። በቀጣዮቹ ቀናት ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ዓይኑ እየቀላ ከመጣ፣ እይታው ከቀነሰ፣ ብርሃን መቋቋም ካቃተ ነገ አይባልም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ብርቅ ነው፤ ከሁለትና ሦስት ሺህ መርፌ በአንዱ ገደማ ይከሰታል። ሲከሰት ግን ሰዓታት ይቆጠራሉ።

ስለ ውኃ አንድ ነገር ልጨምር። ፀበል የሚጠመቁ ከሆነ፣ መርፌው በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ዓይነት ውኃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ያድርጉ። ስንት ቀን እንደሆነ ሐኪምዎን ፊት ለፊት ይጠይቁ፣ አይፈሩ። ኩልም በዚያ ሳምንት ይቅር።

የሚኖሩበት አገር ምርጫውን ይቀይራል

ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ምርጫው የሚጀምረውም የሚያልቀውም በአቫስቲን ነው። የሬቲና ሐኪሞች ቁጥር ጥቂት ነው፣ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ለክፍለ ሀገር ሰው ከመድኃኒቱ ዋጋ ይልቅ ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያውና አብሮ የሚመጣው ሰው ይከብዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ቤተሰብ ተቀምጦ የአንድ ዓመቱን ወጪ ያስላ። አንድ አይሊያ ለመግዛት የተዋጣው ገንዘብ ለበርካታ አቫስቲን ከነመመላለሻው የሚበቃ ከሆነ፣ ምርጫዬ ሁለተኛው ነው።

ውጭ አገር ሄደው የሚታከሙም ይህን ይጠይቁ፦ «ይህ መድኃኒት ስመለስ አገሬ አለ ወይ?» ባንኮክ ወይም ዴልሂ ላይ አንድ ውድ መርፌ ተወግቶ መመለስ ጅምር ብቻ ነው። ቀጣዩ በሚገኝ መድኃኒት መቀጠል ይችላል፤ ዋናው ክፍተት እንዳይፈጠር ነው።

አሜሪካ ያላችሁ፣ መደበኛው ሜዲኬር በክፍል ቢ በኩል ከዓመታዊው ተቀናሽ በኋላ 80 በመቶውን ይከፍላል። የ20 በመቶው ጣጣ በአይሊያና በቫቢስሞ ላይ ብዙ ነው፤ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ወይም ሜዲኬይድ ካለ ክሊኒኩ አስቀድሞ ያጣራ። ሜዲኬር አድቫንቴጅ ከሆነ ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ አቫስቲን ሞክሩ» ይላል። ከላይ ያነሳሁት የ2022 ጥናት ይህን እንደ ክፉ ነገር እንዳናይ ይረዳል።

እንግሊዝ ውስጥ ያለው መሥፈርት በውፍረት ነው። ለሉሴንቲስ፣ ለአይሊያና ለቫቢስሞ የማኩላው መሐል 400 ማይክሮን ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የኦሲቲ ወረቀቱ ቁጥር እዚህ ላይ ወሳኝ ይሆናል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ በኩፓት ሆሊም (በጤና መድን ድርጅታችሁ) በኩል አብዛኛውን ጊዜ በአቫስቲን ነው የሚጀመረው፤ ለውጥ ካልመጣ ወደ ሌሎቹ ይኬዳል። ዕብራይስጥ የማይቀናቸውን ወላጆች ይዞ የሚገባ ልጅ ይኑር፤ የሚቀየርበትን ጊዜ የሚጠይቀው እሱ ነው።

ካልሠራ፣ ወይም ካቋረጡ

ስኳሩና የደም ግፊቱ ካልተያዙ የትኛውም መርፌ ብቻውን አይበቃም። የስኳር ኪኒንዎ ፒዮግሊታዞን ከሆነ ለሁለቱም ሐኪሞች ይናገሩ፤ ፈሳሽ የመያዝ ባሕርይ ስላለው የማኩላ እብጠት ሊያባብስ ይችላል። በራስዎ ግን አያቁሙት። የኩላሊት ችግርም ካለ ይነገር።

ከሦስት እስከ ስድስት መርፌ በየወሩ በትክክል ተወግተው ፈሳሹ ካልቀነሰ፣ «ወደ ሌላ እንቀይር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጊዜው ነው። ከአቫስቲን ወደ አይሊያ፣ ከአይሊያ ወደ ቫቢስሞ፣ ወይም ወደ ኦዙርዴክስ። ጥያቄውን ሲያነሱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ኦሲቲ ጎን ለጎን እንዲያሳይዎት ያድርጉ። አንዳንዴ እይታው ሳይለወጥ ፈሳሹ በግማሽ ቀንሶ ይገኛል፤ ያን ጊዜ መቀጠል ነው። አንዳንዴ ደግሞ ፈሳሹ ጠፍቶ እይታው አይመለስም፤ ማኩላው ለረጅም ጊዜ ተጎድቶ ስለቆየ ነው፣ መድኃኒት መቀየርም አይረዳም። ይህን ሐኪሙ በግልጽ ሊነግርዎት ይገባል።

ቀጠሮ ያለፈበት ሰውም ብዙ ነው። ለቅሶ ይመጣል፣ ገንዘብ ያልቃል፣ ሰው ይታመማል። ከዚያ «አሁን ብሄድ ይቆጡኛል» ብሎ ሌላ ወር ይጨምራል። አይጨምሩ። ደውለው አዲስ ቀጠሮ ይያዙ፣ የድሮውን የኦሲቲ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ እንደገና ይለካል፣ ካስፈለገ በየወሩ ይመልስዎታል፣ ሕክምናውም ከዚያ ይቀጥላል።